መጀመሪያ ውሃ ልክ፣ ከዚያ ዋና
ከሚሴ ላይ ገንዳ ልትተክሉ ላሰባችሁ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ከሚሴ የገባ መንገደኛ መጀመሪያ የሚያወልቀው ጃኬቱን ነው። ከደብረ ብርሃንና ከጣርማ በር ብርድ ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢትንና ሰንበቴን አልፎ እዚህ ሲደርስ ሙቀቱ በር ላይ ይቀበለዋል። ከተማዋ ከባህር ጠለል በላይ ከ1400 ሜትር ብዙም አትርቅም። ቦርከና በአጠገቧ ይፈሳል፣ የጨፋ ረግረግም ከጎኗ ተዘርግቷል። እንግዲህ በዚህ ሁሉ ሙቀትና ውሃ መሀል ዋናተኛ ካልተገኘ የት ሊገኝ ነው?

ልጆቹማ ይዋኛሉ። ችግሩ የሚዋኙበት ቦታ ነው። ቦርከና በበጋ ሲታይ የዋህ ነው፤ ክረምት ላይ ግን ከላይ ከደጋው ዝናብ ሲጥል ከሚሴ ላይ ፀሐይ እንደወጣች ደራሽ ጎርፍ ሊመጣ ይችላል። እሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ “ክረምት ላይ አትግቡ” ተብሎ ይታለፍ ነበር። በበጋውም ቢልሃርዚያ አለ። ትሏ በውሃ ውስጥ ከሚኖር ቀንድ አውጣ ወጥታ የሰውን ቆዳ በስታ ትገባለች፤ መጠጣት አያስፈልግም፣ እግርን ውሃ ውስጥ መክተት ይበቃል። የቦርከና ሸለቆ በሽታው ከሚገኝባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ከደሴ በላይ ያለችው የሐይቅ ከተማ ደግሞ አዲስ የቢልሃርዚያ መገኛ መሆኗን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ2015 ጽፈዋል። ስለዚህ የወሎ ልጅ ዋና ልልመድ ሲል ወንዙም ሐይቁም ዕዳ አለባቸው ማለት ነው።

ታዲያ በካርቶን ስለሚመጣው ገንዳ ማውራት ቅንጦት አይደለም። ከኦሮሚያ ዞን ወደ ሳዑዲና ወደ ሌሎች ዓረብ አገሮች ሄዶ የሠራ ሰው ይህን ዕቃ በደንብ ያውቀዋል። ጉድጓድ አይቆፈርለትም፣ ሲሚንቶ አይፈስለትም። የብረት ቱቦዎች እርስ በርስ ይሰካካሉ፣ ወፍራም የፕላስቲክ ሸራ ይወጠርባቸዋል፣ ውሃ ይሞላል፣ በቃ። ኢንቴክስና ቤስትዌይ የሚባሉት ስሞች ዓለምን የሞሉት በዚሁ ነው። ሰው የሚያወራው ስለ ዋጋውና ስለ ውሃው ነው። ገንዳውን የሚገለብጠው ግን ሌላ ነገር ነው። የመሬቱ ልክ!

እስቲ በተለመደው መጠን እንሂድ። ወርዱ 3 ሜትር ከ66፣ ግድግዳው 76 ሳንቲ ሜትር የሆነው ክብ ገንዳ 6500 ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል። በ20 ሊትር ጀሪካን ሲቆጠር 325 ጀሪካን ይሆናል (ከአዲስ አበባ ከሚሴ በየኪሎ ሜትሩ አንድ ጀሪካን እንደማስቀመጥ ነው)። በክብደት ደግሞ 65 ኩንታል! ለአንድ አይሱዙ የሚከብድ ጭነት ግቢ ውስጥ በአሥር ካሬ ሜትር ላይ ተቀመጠ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ጭነት ደግሞ እንደ ጤፍ ጆንያ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ወደ ጎን ይገፋል። ውሃ ፊቱ ምንጊዜም ልክ ነው። መሬቱ ካዘነበለ ገንዳው ያዘነብላል እንጂ ውሃው አብሮ አያዘነብልም። በዝቅተኛው በኩል ውሃው ይጠልቃል፣ በከፍተኛው በኩል ይሳሳል። ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ግፊት የሚያድገው በጥልቀቱ ልክ ሳይሆን በጥልቀቱ ካሬ ነው። ከዳር እስከ ዳር 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ያዘነበለ መሬት ላይ በአንዱ በኩል 57፣ በሌላው 67 ሳንቲ ሜትር ውሃ ይቆማል። ልዩነቱ ለዓይን ምንም አይመስልም። የግፊቱ ልዩነት ግን 38 በመቶ ገደማ ነው። በዚያ በኩል ያሉት እግሮች ወደ ውጭ መሸሽ ይጀምራሉ፣ አፈሩ ይሰምጣል፣ ሲሰምጥ ደግሞ ገንዳው የበለጠ ያዘነብላል። መጨረሻው ግድግዳው ተኝቶ 65 ኩንታል ውሃ በአንድ ጊዜ ሲወጣ ነው። እዚያ በኩል ሕፃን ቆሞ ከነበረ ምን እንደሚሆን መንገር አያስፈልግም።

ስለዚህ ሥራው ሁሉ ከካርቶኑ በፊት ነው። ቦታው ሲመረጥ ከግንብ አጥር፣ ከትልቅ ዛፍ ሥርና ከኤሌክትሪክ ሽቦ ስር መራቅ አለበት። “ለምን ፎቅ ላይ አናወጣውም?” የሚልም አይጠፋም። ኧረ ተዉ! የመኖሪያ ቤት ወለል ብዙውን ጊዜ የሚሰላው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ያህል ለሚሆን የሰውና የዕቃ ጭነት ነው። ይህ ትንሽ የሚባለው ገንዳ በካሬ ሜትር ከ600 ኪሎ በላይ ያሳርፋል።

መሬት ላይ እንቆይ። መሀሉ ላይ ችካል ይተከላል፣ ሲባጎ ይታሰርበታል። የገንዳው ግማሽ ወርድ 1 ሜትር ከ83 ነው፤ በዙሪያው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ስለሚያስፈልግ ሲባጎው 2 ሜትር ከ13 ይሁን። በእሱ እየዞሩ በአመድ ወይም በኖራ ክብ ማስመር ነው። ከዚያ በክቡ ውስጥ ያለው ሣር ከነሥሩ ይነሳል። ሣሩን ሸራ ሸፍኖት ይደርቃል ብሎ መተው አይበጅም፣ ሲበሰብስ ከስር ጉድጓድ ይፈጥራል። ድንጋይና የግራር እሾህ ደግሞ በእጅ እየተዳበሰ ይለቀማል። የከሚሴ ሰው ስለ እሾህ ከእኛ ትምህርት አይፈልግም።

አሁን ነው ውሃ ልክ የሚመጣው። ግንበኛ ሁሉ የሚያውቀው ብልሃት ነው፣ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ውስጡ የሚታይ ቀጭን የላስቲክ ጎማ፣ ርዝመቱ ቢያንስ አምስት ስድስት ሜትር፣ ውሃ ይሞላል። አንዱ ጫፍ መሀል ላይ ካለው ችካል ጋር ይያዛል፣ ሌላው ጫፍ በክቡ ጠርዝ ላይ ከተተከሉ ችካሎች ጋር እየዞረ ይለካል። በሁለቱም ጫፍ ውሃው የቆመበት ቦታ አንድ ልክ ነው፣ ምልክት ይደረግበታል። ከምልክቱ እስከ መሬቱ ያለው ርቀት በሜትር ሲለካ የቱ ጋ ከፍታ፣ የቱ ጋ ዝቅታ እንዳለ ፊት ለፊት ይታያል። ጎማው ውስጥ አንዲት የአየር አረፋ ከቀረች ግን ልኩ ሁሉ ውሸት ይሆናል። አረፋው እስኪወጣ መታገስ፣ ጎማው እንዳይታጠፍ ማየት፣ ውሃው መወዛወዙን እስኪያቆም ምልክት አለማድረግ ያስፈልጋል። ጠርዙ ላይ ቢያንስ ስምንት ቦታ ይለካ። አጭሩ የእጅ ውሃ ልክም በረጅም ቀጥ ያለ ጣውላ ላይ ተቀምጦ ይሠራል፤ ግን ጣውላው ከጎበጠ ሰውን ያሳስታል። ምርጫው ለእኔ ቢሆን ጎማውን እመርጣለሁ።

ከለኩ በኋላ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዝቅ ያለውን ቦታ በአፈር ሞልቶ ማስተካከል ይቀለዋል። አካፋ ሁለት ሦስት ጊዜ ወርውሮ፣ በእግሩ ረግጦ፣ “አብሽር፣ ልክ ሆነ” ይላል። ልክም ይመስላል። 65 ኩንታል ሲያርፍበት ግን የተሞላው አፈር ይሰምጣል፣ ያልተነካው ባለበት ይቆማል። ትክክለኛው መንገድ ከፍ ያለውን ቆፍሮ ወደ ዝቅተኛው ማውረድ ነው። ዶማው የሚሠራው ከፍ ባለው በኩል ነው። ልፋቱ ብዙ ነው፣ ግን ገንዳው የሚያርፈው ዘመን ባጠነከረው መሬት ላይ ይሆናል። ከዳር እስከ ዳር ያለው ልዩነት ከ2 ሳንቲ ሜትር ተኩል እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከዚያም እንዲያንስ ነው የሚፈለገው።

ከሚሴ ዙሪያ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ፤ ዋልካው። የቦርከና ሜዳ ጥቁር አፈር ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ ያብጣል። በጥር ልክ ሆኖ የተተከለ ገንዳ ከአንድ በኩል ውሃ እያንጠባጠበ ከቆየ በዚያው በኩል መሬቱ ተነፍቶ ልኩ ይጠፋል። ዋልካ ላይ የሚተክል ሰው እንግዲህ ከላይ ያለውን ጥቁር አፈር ከክቡ በሙሉ እኩል አንስቶ፣ በምትኩ ገረጋንቲ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር አልብሶ፣ ውሃ እየረጨ በስስ በስሱ ቢጠቀጥቅ ይሻለዋል። “አትሙላ አላላችሁም ወይ?” ለሚለን፣ ልዩነቱ ይህ ነው፤ ይሄኛው ከስር በተስተካከለ መሬት ላይ በሁሉም በኩል እኩል ውፍረት ያለው ነው፣ ስለዚህ ቢሰምጥም እኩል ይሰምጣል። በዙሪያው ደግሞ ውሃ የሚሸሽበት ትንሽ ቦይ ያስፈልጋል።

በላዩ ከሁለት እስከ አምስት ሳንቲ ሜትር የተነፋ አሸዋ፣ በአሸዋው ላይ ሸራ ይነጠፋል። እግሮቹ የሚያርፉበት ቦታ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ኮብልስቶን ከመሬቱ ጋር እኩል ሆኖ ይቀበር። ድንጋዮቹም እርስ በርሳቸው በዚያው ጎማ መለካት አለባቸው። የገንዳው ፕላስቲክ ከመዘርጋቱ በፊት አንድ ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ ቢቆይ ይለሰልሳል። ለዚህ እንኳ ከሚሴን የሚያህል ቦታ የለም።

ሲሞላም ጥድፊያ አያስፈልግም። ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ውሃ ሲገባ አንድ ሰው ጫማውን አውልቆ ገብቶ ሽብሽቡን ከመሀል ወደ ዳር በእጁ ይግፋ። 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲደርስ ቧንቧው ይዘጋ። በአራት አቅጣጫ ከውሃው ፊት እስከ ግድግዳው አናት ያለው ይለካ። አራቱም ከተቀራረቡ ይቀጥላል። ልዩነቱ ከ2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ካለፈ ግን ያለው መፍትሔ አንድ ነው፤ ውሃውን አፍስሶ፣ ገንዳውን አንስቶ እንደገና መቆፈር። እዚህ ጋ ሰው ልቡ አይቆርጥም። በቦቴ የተገዛ ውሃ ማፍሰስ ያማል። ግን ሁለት ሺህ ጥቂት ሊትር ብቻ ዘነብ ባለ ማንጎ ስር ማፍሰስ ይሻላል ወይስ 6500 ሊትር በሳሎን በር?

“ይሄ ሁሉ ለጉልበት የሚደርስ ውሃ ነው ወይ?” የሚለን አንባቢ አይጠፋም። ከስፖርት ገጽ ጋርስ ምን ያገናኘዋል? ያገናኘዋል። እ.ኤ.አ በ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ የዋና ውድድር የተካሄደው ራግቢ በሚጫወቱበትና ዘፋኞች ኮንሰርት በሚያቀርቡበት ፓሪስ ላ ዴፋንስ አሬና ነበር። አዳራሹ ውስጥ ገንዳ አልነበረም፤ ለጨዋታው ተብሎ ወለሉ ላይ ተገጣጥሞ የተተከለ ነው፣ ሳይቆፈር! አሜሪካኖቹም በዚያው ዓመት ኦሊምፒያኖቻቸውን የመረጡት ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ በእግር ኳሳቸው ስታዲየም ወለል ላይ በተገጠመ ገንዳ ነው። የዓለም የውሃ ስፖርት ማኅበር የ50 ሜትር ገንዳ ከልኩ አንዲት ሚሊ ሜትር እንዲያጥር አይፈቅድም፤ የሚፈቅደው ትንሽ መርዘምን ብቻ ነው። የፓሪሱ ገንዳ ጥልቀቱ ሁለት ሜትር ከምናምን ሆኖ “ቀረብ ብሏል፣ ዋናተኛ ያዘገያል” ተብሎ ሲታማ ሰነበተ። ሆኖም ቻይናዊው ፓን ዣንሌ በዚያው ገንዳ 100 ሜትር ነፃ ቀዘፋን በ46 ሰከንድ ከ40 ዋኝቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ።

በዚሁ ርቀት የእኛን ልጅ የማያስታውስ የለም። ነሐሴ 3 ቀን 2008 ዓ.ም ሪዮ ላይ ሮቤል ኪሮስ 100 ሜትሩን በ1 ደቂቃ ከ04 ሰከንድ ከ95 ጨርሶ ከ59 ዋናተኞች 59ኛ ወጣ። ዓለም ሳቀበት። እኛም ሳቅን፣ ተናደድንም፣ አባቱ የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት መሆናቸውም ብዙ አነጋገረ። ንዴቱ ተገቢ ነበር፤ ምርጫው ግልጽ መሆን ነበረበት። ግን ከንዴቱ በኋላ “ሌላውስ ልጅ የት ይዋኝ?” ብሎ የጠየቀ ሰው ጥቂት ነው። በ2004 ዓ.ም ለንደን ላይ ሙሉዓለም ግርማና ያኔት ስዩም፣ ሪዮ ላይ ከሮቤል ጋር ራሄል ፍስሃ፣ በ2013 ዓ.ም ቶኪዮ ላይ አብዱልማሊክ ሙክታር፣ በ2016 ዓ.ም ፓሪስ ላይ ሊና አለማየሁ ኢትዮጵያን ወክለው ዋኝተዋል። አራቱንም ኦሊምፒኮች ብናይ ከሮቤል በቀር ሁሉም የተወዳደሩት በ50 ሜትር ነው፣ አንዴ ሄዶ ማብቃት። ገንዳ ሲባል ትዝ የሚለን የግዮን፣ የሂልተንና የሶደሬ ነው። ሆቴልና መዝናኛ! ሯጭ ግን አስፋልት ዳር ይበቅላል።

እርግጥ 3 ሜትር ከ66 ውስጥ ኦሊምፒያን አይወጣም። ከግድግዳ ተነስቶ አንድ ጊዜ ቢቀዝፉ ሌላው ግድግዳ ጋ ነው። የሚወጣው ሌላ ነገር ነው። ፊትን ውሃ ውስጥ ከትቶ መተንፈስ፣ በጀርባ መንሳፈፍ፣ እግርን ቀጥ አድርጎ መምታት፣ ሳይደነግጡ ተገልብጦ መቆም፤ እነዚህ ሁሉ ወገብ በማይሞላ ውሃ ይለመዳሉ። ከዚያ ያለፈ ልጅ ወገቡ ላይ የሚለጠጥ ላስቲክ ታስሮለት ባለበት ሊቀዝፍ ይችላል። ላስቲኩ የሚታሰረው ግን ከገንዳው ውጭ በተተከለ ምሰሶ ነው እንጂ በገንዳው ብረት ላይ አይደለም። ቬትናም ውስጥ ዳናንግ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ ከ2009 ጀምሮ በትምህርት ቤት ግቢዎች ተንቀሳቃሽ ገንዳ እየተከሉ ልጆችን አስተምረዋል። ባንግላዴሽ ውስጥ ኩሬን በቀርከሃ አጥረው ያስተማሯቸው ልጆች በውሃ የመሞት አደጋቸው ካልተማሩት ከ90 በመቶ በላይ ቀንሶ ተገኝቷል። ቀላል ቁጥር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2021 ብቻ 300 ሺህ ያህል ሰው በውሃ መስጠም እንደሞተ ይገምታል።

ግን ገንዳው ራሱ ገዳይ መሆን ይችላል፣ ይህን ሳንናገር ብናልፍ ያስጠይቀናል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ ከ2001 እስከ 2009 በእንዲህ ዓይነት ተንቀሳቃሽ ገንዳዎች 209 ሕፃናት መሞታቸው ተመዝግቧል፣ አብዛኞቹ ከአምስት ዓመት በታች ናቸው። ድምፅ የለውም፤ ሕፃን ሲሰጥም አይጮህም። ስለዚህ በዙሪያው አጥር፣ ከዋና በኋላ መሰላሉን አንስቶ ቤት ማስገባት፣ ልጆች ውስጥ ሲሆኑ ስልክ የማይነካ አንድ ትልቅ ሰው። እናትም ትሁን አጎት፣ “እናንተ ተያዩ” ብሎ ለስምንት ዓመት ልጅ ማስረከብ አይሠራም። ዘሎ በጭንቅላት መግባት ፈጽሞ ክልክል ነው፣ ውሃው 62 ሳንቲ ሜትር ነው፣ አንገት ይሰበራል። የፓምፑ መስመርም ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ራሱን በሚያጠፋ ብሬከር በኩል ካልሆነ ባይሰካ ይሻላል።

ውሃው ይበላሻል ለሚለው፣ 6500 ሊትር ንጹህ ውሃ ላይ 5 በመቶ የሆነ በረኪና ሩብ ሊትር ገደማ ሲጨመር በሊትር 2 ሚሊ ግራም ክሎሪን ይሆናል፤ የሚፈለገው ከ1 እስከ 3 ባለው መሀል ነው። የከሚሴ ፀሐይ በሰዓታት ውስጥ ትበላዋለች፣ ስለዚህ ማታ ማታ መጨመርና ከመግባት በፊት በመለኪያ ወረቀት ማየት ነው። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር መቀላቀል አይገባም። ሁለት ሳምንት የተረሳ ገንዳ ደግሞ የወባ ትንኝ መፈልፈያ ነው። እ.ኤ.አ በ2016 ቀብሪ ደሐር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን የተገኘችው አዲሷ የወባ ትንኝ እንደ ድሮዋ ረግረግ አትፈልግም፣ ከተማ ውስጥ ሮቶና በርሜል ይበቃታል። እ.ኤ.አ በ2022 ድሬዳዋን ያስጨነቀው የወባ ወረርሽኝ ከእሷ ጋር ተያይዟል። የማይዋኝበት ሰው ያፍስሰው።

ክረምቱ ሳይገባ፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ክሎሪኑ በፀሐይ እስኪጠፋ ሁለት ሦስት ቀን ጠብቆ ውሃውን ለፓፓያውና ለማንጎው መልቀቅ፣ ፕላስቲኩን አድርቆ አይጥ በማይደርስበት ቦታ ማጠፍ ነው። ኮብልስቶኖቹ ባሉበት ይቆዩ። መስከረም አልፎ መሬቱ ሲደርቅ ግን በዓምናው ልክ ተማምኖ መትከል የለም። ዋልካው በክረምት አብጦ በበጋ ሲሰነጠቅ ድንጋዮቹን ያንቀሳቅሳቸዋል፤ ጎማው እንደገና ውሃ ይሞላል፣ አረፋው እስኪወጣ ይጠበቃል፣ ስምንቱም ቦታ እንደገና ይለካል።